የባሰ አታምጣ በእንግሊዝኛ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከቀኑ 10 ሰዓት አልፏል፤ ሙቀቱ ግን ገና ወደ ቤቱ አልገባም። አጎቴ ሽርጡን አሸርጦ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ዕድሜውን የጨረሰው በምድር ባቡር ጋራዥ ቶርኖ ላይ ነው። ከኋላው የሳሎኑ በር ወለል ብሏል፤ ነፋስ እንዳይዘጋው የጡብ ያህል የከበደ አሮጌ ኩሽኔታ ተደግፎበታል። እኔ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። እሱና ጡረተኛ ጓደኞቹ ስለ አሮጌው ባቡር ለውጭ አገር ሰዎች የሚላክ ደብዳቤ ጽፈው፣ ትርጉሙን በእኔ ላይ ጥለውታል። አጎቴን "አንተ" ስለው የሚደነግጥ አንባቢ ካለ፣ ድሬ ላይ "እርስዎ" የተባለ ሰው "ምን አጠፋሁ?" ብሎ እንደሚጨነቅ ይወቅልኝ።

እኔ፦ የመጀመሪያው አንቀጽ አልቋል። እናንተ "የአሮጌው ባቡር ፉርጎዎችና ማሽኖች ይዞታ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተበላሸ ነው" ብላችኋል። እኔ "ዲቴሪዮሬት" በሚለው ቃል ተረጎምኩት።

አጎቴ፦ ዲቴ… ድገሚው እስቲ።

እኔ፦ ዲቴሪዮሬት። በየሪፖርቱ የማይጠፋ ቃል ነው። ሐኪም ስለ በሽተኛ፣ መሐንዲስ ስለ ድልድይ፣ ዲፕሎማት ስለ ሁለት አገሮች ግንኙነት ይለዋል።

አጎቴ፦ ማን አበላሸው ይላል?

እኔ፦ ማንንም አይልም። ነገሩ በራሱ ባሰበት ነው የሚለው።

አጎቴ፦ አቦ ተይኝ! ብረት በራሱ አይብስበትም። ብረት ላይ ውሃ ይወርድበታል፣ ቅባት ይነፈገዋል፣ ጎዶሎ ብሎን ይታሰርበታል። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ነው፣ ወይም ማድረግ የነበረበትን ያላደረገ ሰው ነው። ቃልሽ ሰውየውን በጓሮ በር አስወጣው።

እኔ፦ የእናንተስ አማርኛ? "እየተበላሸ" አላላችሁም?

አጎቴ፦ የእኛው "ተ" አለበት። "ተበላሸ" ሲባል ከ"ተ"ው ኋላ "አበላሸ" የሚባል ሰው ቆሟል፤ ስሙ ባይጠራም ጥላው ይታያል።

እኔ፦ ሁልጊዜ አይደለም። "ወጡ ተበላሸ" ስትል ከኋላው ማን ቆሟል?

አክስቴ፦ (ከማድ ቤት) ክዳኑን ገልጦ የቀመሰው ነዋ!

አጎቴ፦ ሰማሽ? እዚህ ቤት ያለ ባለቤት የሚበላሽ ነገር የለም።

እኔ፦ እሺ፣ ቃሉን ለመቀየር ዝግጁ ነኝ። ግን በየትኛው? እንግሊዝኛ በዚህ በኩል ሀብታም ነው። ዲክላይን አለ፣ ዲኬይ አለ፣ ዲግሬድ፣ ዲጄነሬት፣ ዲላፒዴትድ…

አጎቴ፦ ሁሉም በ"ዲ" ነው እንዴ የሚጀምረው? የአንድ እናት ልጆች ናቸው?

እኔ፦ አብዛኞቹ በላቲን በኩል የመጡ ናቸው። "ዴ" መውረድን ወይም መራቅን ያመለክታል። ዲግሬድ ከደረጃ መውረድ ነው። ዲክላይን ወደ ጎን መዝመም ነው። ዲኬይ ሥሩ መውደቅ ነው። ዲጄነሬት ከዘር መውጣት ነው፤ ልጁ አባቱን ሳይመስል ሲቀር እንደሚባለው። ዲቴሪዮሬት ግን ወዴት እንደወረደ አይናገርም። ላቲኑ "ዴቴሪዮር" ነው፤ "የባሰ" ማለት ብቻ።

አጎቴ፦ "የባሰ" ብቻ? ከምን የባሰ?

እኔ፦ ከትናንቱ።

አጎቴ፦ እንግዲህ ትናንቱን የማያውቅ ሰው ይህን ቃል ሊጠቀምበት አይችልም ማለት ነው። ደብዳቤው የሚደርሳቸው ሰዎች ትናንት እዚህ አልነበሩም። እኔ ነበርኩ። ለእነሱ የምትነግሪያቸው "ባሰ" ብለሽ ሳይሆን ምኑ ምን እንደሆነ ነው።

አክስቴ ከቡና ገለፈት የሚፈላውን ሐሸር ቃሕዋ በጀበና ይዛ ወጣች። ወተቱ ለብቻው በብርጭቆ ነው። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስታ አየችውና ፊቷን አጨማደደች።

አክስቴ፦ ጠዋት ነው የገዛሁት። ይኸው ሄዷል።

እኔ፦ "ሄዷል" ያልሽውን እንግሊዞችም እንዲሁ ነው የሚሉት፤ ወተትና ሥጋ ሲበላሽ ሄደ ይላሉ።

አክስቴ፦ የእነሱማ ቀዝቃዛ አገር ነው፤ ቀስ ብሎ ይሄድ ይሆናል። የድሬ ወተት ይሮጣል። ግን የኔ እናት፣ ሁሉንም "ተበላሸ" ማለት የሰነፍ ሴት ነገር ነው። ወተት ይሆመጥጣል። እንጀራ ይሻግታል። እህል ይነቅዛል። ሥጋ ይሸታል፣ ይበሰብሳል። ድንች እሳት ሲበዛበት ይላሽቃል። ቢላ ይዶለዱማል። ነጠላ ይነትባል፣ ነጩ ደግሞ ይወይባል። ለእያንዳንዱ የምታደርጊው ሌላ ነው። የሆመጠጠ ወተት አይደፋም፤ ይገፋል። የነቀዘ እህል ታበጥሪዋለሽ፣ ፀሐይ ታሰጪዋለሽ፣ ከአንድ ኩንታል የተወሰነው ይተርፍልሻል። የሻገተ እንጀራ ግን ምሕረት የለውም። የነተበ ነጠላ ልጅ ይታዘልበታል። "ተበላሸ" ብትይኝ ምን ይዤ እንደምመጣ አላውቅም፤ ወንፊት ነው ወይስ ሞረድ?

አጎቴ፦ የጋራዥ ሰው የሚናገረው እንዲህ ነው! እኔ ዘንድ መኪና ይዞ የመጣ ሰው "ተበላሸብኝ" ሲል "እሺ፣ ምኑ?" ነው የምለው። ባትሪው ደክሟል? ሞተሩ ነክሷል? ዘይት ይበላል? የማርሹ ጥርስ ተበልቷል? የደከመ ባትሪ ቻርጅ ይደረጋል። የነከሰ ሞተር ይወርዳል። የተበላ ጥርስ ደግሞ ወደ እኔ ቶርኖ ይመጣል። ቃሉ ራሱ የመፍቻውን ቁጥር ይነግርሻል።

እኔ የሁለቱን ንግግር በተማሪ ደብተር ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ስማር ሲኖኒም ብለው በአንድ መስመር ያስደረደሩኝ ቃላት ትዝ አሉኝ። አስተማሪያችን "ሁሉም ያው ናቸው" ብሎን ነበር። አክስቴ ብትሰማው ወንፊቱን ታስይዘው ነበር።

እኔ፦ በእንግሊዝኛም አሮጌዎቹ የገጠር ቃላት እንዲህ ናቸው። ለብረቱ "ረስት" አላቸው፤ ሥሩ ከቀይ ጋር ዝምድና አለው። ለበሰበሰው "ሮት" አላቸው። ለጨረቃ መጉደል "ዌን"፣ ለባሕር መሸሽ "ኤብ" ይላሉ። ከላይ የነገርኩህ የላቲን ዘር ያላቸው ቃላት በኋላ የመጡ የቢሮ ልብሶች ናቸው። ሲገለጡ ግን ውስጣቸው ያው ማድ ቤትና ጋራዥ ነው። "ኮሮድ" ማለት ብረት በዝገት መበላት ነው፤ "ኢሮድ" ደግሞ አፈር በጎርፍ መሸርሸር። የሁለቱም ሥር አንድ ነው፤ መፋቅ፣ መቆርጠም። እነ አይጥን "ሮደንት" ያሰኛቸውም ይኸው ሥር ነው።

አጎቴ፦ እኛም እኮ "ዝገት በላው" ነው የምንለው። "ወንዙ ድንበሩን በላው" እንላለን። ያ ሁሉ ላቲን ተኬዶ የተደረሰው እኛ ቤት ነዋ!

እኔ፦ "ኤግዛሰርቤት" የሚባልም አለ፤ የነበረን ክፉ ነገር ይበልጥ ማክፋት ነው። ሥሩ መምረር፣ መጎምዘዝ ነው።

አክስቴ፦ አቦ፣ ወተቴ ነው በይኝ!

እኔ፦ የምወደው ግን "ዲላፒዴትድ"ን ነው። ልስኑ ረግፎ፣ ጣራው ዘምሞ፣ ድንጋዩ የታየ ቤት ዲላፒዴትድ ይባላል። ውስጡ "ላፒስ" አለ፤ በላቲን ድንጋይ ነው። ጣሊያኖች ይህንኑ ስም ለእርሳስ ሰጡት። እኛ ደግሞ እርሳሱን ትተን ማጥፊያውን "ላጲስ" አልነው።

አጎቴ፦ ድንጋይ ሆኖ ጀምሮ፣ ጽፎ፣ ኋላ የጻፈውን አጠፋ በይኛ። ከከዚራ አሮጌ ቤቶች ለአንዳንዶቹ ይሆናል። ለባቡሩ ግን አይሆንም፤ ፉርጎ ድንጋይ የለውም።

እኔ፦ እሺ "ዲክላይን"ስ? እሱ ለከተማና ለንግድ ይውላል።

አጎቴ፦ መዝመም ነው አልሽ? እሱ ደግሞ ለሐረር ነው የሚሆነው። ሐዲዱ መጀመሪያ ወደ ሐረር ነበር የታሰበው። ተራራው ወጪ አበዛና ቆላ ቆላውን ይዞ መጣ። ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ያኔ ይህችን ከተማ "አዲስ ሐረር" ይሏት ነበር። ሐዲዱን የሚዘረጋው ኩባንያ ገንዘብ አለቀበትና ሐዲዱ እዚሁ ለዓመታት ቆመ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ እዚህ ሲቆም ነጋዴው፣ ግመሉ፣ ጉምሩኩ፣ ሆቴሉ ሁሉ እዚህ ሰፈረ። የሐረር ንግድ አልወደቀም፤ ወደዚህ ዘመመ። ስለዚህ የአንዱ ዲክላይን የሌላው ልደት ነው። የኩባንያው ኪሳራ ባይኖር እኔና አንቺ እዚህ ዛፍ ሥር አንቀመጥም ነበር።

እኔ፦ ኋላ ድሬ ራሷ ስትቀንስስ ምን ትሉ ነበር?

አጎቴ፦ "ቀዘቀዘች" ነዋ! አስቢው፣ በዚህ ሙቀት ሰው ቅዝቃዜን ለመጥፎ ነገር ስም አደረገው። ቀን ሙሉ "ንፋስ በመጣ" ብሎ ሲጸልይ የዋለ ነጋዴ፣ ማታ "ገበያው ቀዘቀዘ" ብሎ ያዝናል።

እኔ፦ ይህን የሚመልስ የእንግሊዝኛ ቃል እንኳ አልፈልግለትም፤ እንዳለ ይቆይ። አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። "ባሰ" እና "ተባባሰ" ለአንተ አንድ ናቸው?

አጎቴ፦ እንዴት አንድ ይሆናሉ! አንድ ነገር ብቻውን ይብሳል። ለመባባስ ግን ሁለት ያስፈልጋል፤ እንደ መደባደብ፣ እንደ መገፋፋት። ባቡሩ የሆነው እሱ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አሰብ መንገድ ተሠራ፣ ጭነቱ ለከባድ መኪና ሄደ። ጭነት ሲቀንስ ገቢ ቀነሰ። ገቢ ሲቀንስ መለዋወጫ ቀረ። መለዋወጫ ሲቀር ባቡሩ ዘገየ። ባቡሩ ሲዘገይ ነጋዴው "በመኪና ይሻለኛል" አለ። መኪናው ሲበዛ ደግሞ ጭነቱ ይበልጥ ቀነሰ። በመሃል 1969 መጨረሻ ላይ የሶማሊያ ጦርነት መጣ፤ ድልድይ ፈረሰ፣ መስመሩ ለወራት ተቆረጠ። እኛ ጋራዥ ውስጥ የሌለ ዕቃ ከባዶ እየቀረጽን ነበር የምናቆየው። ከአንዱ የሞተ ሎኮሞቲቭ አንጀት አውጥተን ለሌላው እንሰጥ ነበር። ሁለቱም ያው ኋላ ቆሙ። አየሽ፣ አንዱ ሌላውን እያየ ነው የባሰው። "ተባባሰ" እሱ ነው።

እኔ፦ ይህን በአንድ ቃል የሚለው እንግሊዝኛ የለኝም። ኤግዛሰርቤት ከውጭ የመጣ አባባሽ ይፈልጋል። ዲቴሪዮሬት ብቻውን ነው። የእኛው "ተባባሰ" ግን ነገሮቹን እርስ በርስ ያቧቅሳቸዋል። በአረፍተ ነገር ልዘረዝረው ነው እንጂ በቃል አይገኝም።

አጎቴ፦ ዘርዝሪዋ፤ ወረቀት መች ጠፋ።

እኔ፦ ሌላው የሚገርመኝ "ብሶት" ነው። ከ"ባሰ" ነው የወጣው አይደል? እንግሊዝኛ ከመክፋት ተነሥቶ እሮሮ ላይ አይደርስም። እኛ ዘንድ የባሰበት ነገር ሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ብሶት ይሆናል፤ ብሶቱ ደግሞ ይነገራል፣ ይፈነዳል። በግንቦት 1983 አዲስ አበባ በተያዘች ቀን ሬዲዮኑ ምን ነበር ያለው?

አጎቴ፦ "ብሶት የወለደው" አለ። ማን ይረሳዋል። ጋራዡ ውስጥ ሬዲዮኑን ከበን ስንሰማ አንዱ ሽማግሌ "ይሄ ብሶት ስንት ልጅ ነው የሚወልደው?" አለ። ያን ጊዜ ስቀን ነበር።

አክስቴ፦ እናቴ ብሶት የሚለውን ቃል ቤት ውስጥ አታስወራም ነበር። "የባሰ አታምጣ" ብቻ ነው የምትለው። መብራት ሲሄድ "የባሰ አታምጣ"፤ ሰው ሲሞት "የባሰ አታምጣ"። አንድ ቀን "ከሞት የባሰ ምን አለ?" ብዬ ብጠይቃት፣ "ስሙን አልጠራልሽም" አለችኝ።

እኔ፦ ሕመም ላይ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የምንለው። "ጠናበት" እንላለን። "ጠና" እኮ በረታ፣ ጠነከረ ነው። በሽታው ጎበዘ፣ ሰውየው ላይ። እንግሊዞች በሽተኛውን ነው "ዲቴሪዮሬት አደረገ" የሚሉት፤ እኛ የበሽታውን ጉልበት ነው የምናየው።

አክስቴ፦ ከበሽተኛ ራስጌ ተቀምጦ "አንተ ወረድክ" ይባላል እንዴ? በሽታው በረታ ብትይው እኮ አንድ ቀን ይደክም ይሆናል ብሎ ተስፋ ያደርጋል።

ይህን ስትለኝ እርሳሴን አስቀመጥኩ። የሐኪም ቤት ወረቀት ላይ ያየሁት ያ ቃል ትዝ አለኝ፤ የማን ወረቀት እንደነበር መናገር አልፈልግም። በእንግሊዝኛ ሳነበው ሁሉ ነገር ያለቀ ነበር የመሰለኝ። ጎረቤቶቻችን "ጠንቶባታል" ብለው ሲጠይቁን ግን የሚታገል ሰው ያለ ይመስል ነበር።

አጎቴ፦ ተማሪዎችሽስ? በየጊዜው "የትምህርት ጥራት አሽቆለቆለ" ሲሉ እሰማለሁ።

እኔ፦ "አሽቆለቆለ" ጥሩ የጋዜጣ ቃል ነው፤ ቁልቁለት ውስጡ አለ፣ ስታነበው ራስህ የምትንሸራተት ይመስልሃል። ግን ልክ ነው ወይ? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጠ፤ እንዳይሰረቅና እንዳይኮረጅ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ሁሉም "አሽቆለቆለ" አለ። እኔ ግን ክፍሌ ውስጥ ከአምናው የተለየ ልጅ አላየሁም። ያ ዓመት ያሽቆለቆለበት ሳይሆን የተገለጠበት ነው። ክዳኑ ተነሣ እንጂ ወጡ የዚያን ቀን አልተበላሸም።

አክስቴ፦ ክዳን የሚገልጠው ሰው ነው ብያለሁ።

እኔ፦ ገንዘብ ላይ እንኳ አንድ ቃል ልጨምር፤ ለአንተ ክርክር ይጠቅማል። እንግሊዝኛ ገንዘብ ሲረክስ ሁለት ስም አለው። መንግሥት ቆርጦ ዋጋውን ሲያወርደው ዲቫሉዌሽን ነው፤ በ1985 ዓ.ም. ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ሲወጣ እንደሆነው። ገበያው እያወረደው ሲሄድ ደግሞ ዲፕሪሲዬሽን ነው፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ እንደምናየው። በአንዱ ውስጥ ወሳኝ አለ፣ በሌላው የለም።

አጎቴ፦ አየሽ! ገንዘብ ላይ ሲሆን ጊዜ ማን እንዳደረገው የሚጠይቅ ቃል አበጁ። ጡረታዬ ግን ሁለቱን አይለይም። ቀፊራ ገበያ ይዣት ስሄድ ያው ናት።

አክስቴ፦ እኔ ስይዛት ትብሳለች።

እኔ፦ ከመሬትና ከጎርፍ ጋር ደግሞ "ዲግሬድ" ይመጣል። መሬት ዲግሬድ አደረገ ይላሉ፤ ከደረጃው ወረደ። እኛ "ተራቆተ" ነው የምንለው፤ ልብሱን ገፈፉት።

አጎቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ ከዚራ በዚህ፣ መጋላ በዚያ። ዓመቱን በሙሉ ለማለት ይቻላል አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ፣ ሌሊት፣ ከላይ ከተራራው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገደለ።

አጎቴ፦ የተራራው ነገር "ተራቆተ" ነው። ልብስ የገፈፈው አለ። ከሰል ያከሰለው አለ፣ ያረሰው አለ፣ ከሰሉን ገዝቶ ቡና ያፈላበት አለ፤ እኛም ጭምር። ዝናቡ ከሰማይ ነው፤ ጎርፉ ግን ከሰማይ ብቻ አይደለም። ይሄን ቃል አትንኪው።

ሦስታችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። አንድ ባጃጅ እየጮኸ አለፈ። አክስቴ ሐሸሩን ያለ ወተት ቀዳችልን።

እኔ፦ ወደ ደብዳቤው እንመለስ፤ ሊመሽ ነው። አሁን ምን ልጻፍ? አዲሱ ባቡር መስከረም 2009 ላይ ተመረቀ፣ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። የጥንቱ ግን 784 ኪሎ ሜትር ነበር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር። ይህንን ጽፌዋለሁ። የቀረኝ ያ አንድ ቃል ነው።

አጎቴ፦ ፉርጎዎቹ ዝገዋል በይ፤ በእነሱ "ረስት"። የእንጨት ወለላቸው በስብሷል። ቶርኖዎቹ አልዛጉም፤ ቅባት እናደርግላቸው ነበር፤ እነሱ ሥራ ፈተዋል እንጂ አልተበላሹም። ሥራ መፍታትን መበላሸት አትበይብኝ።

እኔ፦ ለሥራ ፈት ማሽን "አይድል" አለ። ግን አርዕስቱ ላይ ሁሉንም የሚይዝ አንድ ቃል ይፈልጋሉ። "ኔግሌክት" የሚባል አለ፤ ቸል ማለት። ይሄኛው ሰው አለበት። ቸል የተባለ ነገር ካለ ቸል ያለ ሰው አለ። ላቲኑ ሲተነተን "አለማንሣት" ነው ይባላል፤ የወደቀውን ጎንበስ ብሎ አለማንሣት።

አጎቴ፦ እሱ ነው! አለማንሣት። እሱን ጻፊ። ወድቆ ማንም አላነሣውም።

እኔ፦ ማንም?

አጎቴ፦ ማንም። መንግሥትም፣ ነጋዴም፣ የከተማው ሰውም። ጻፊው፣ አልፈራም።

አክስቴ፦ ኧረ አንዳንዱስ ተነሥቷል።

ወደ ሳሎኑ በር እያየች ነበር። እኔም ዞሬ አየሁ። ኩሽኔታው በሩን እንደተደገፈ ነው፤ ቀለበቱ በብዙ ዓመት የእግር ንክኪ አብረቅርቋል፣ ጎኑ ላይ በፈረንሳይኛ የተቀረጹ ፊደላት ከዝገቱ ሥር በከፊል ይነበባሉ። ልጅ ሆኜ እላዩ ላይ እቀመጥበት ነበር። ከየት እንደመጣ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

እኔ፦ አጎቴ፣ ይሄ ከየት መጣ?

አጎቴ፦ ምኑ?

እኔ፦ ኩሽኔታው።

አጎቴ፦ እሱማ… የዚያኛው ቃል ስሙ ማን ነበር? ሰው የሌለበቱ።

እኔ፦ ዲቴሪዮሬት።

አጎቴ፦ ለእሱ እሱን ጻፊለት።